የአርጆን ቁልቁለት በሳይክል

ነቀምቴ
ዓርብ፣ ኅዳር 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ አባዬ፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል። ልንገርህ ወይስ ልተወው እያልኩ ወረቀት ስቀድ ነበር። እሺ፣ ይኸው ልንገርህ፤ ስትደውል እማዬ «ተኝታለች» የምትልህ ተኝቼ አይደለም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ድምፅህን እሰማለሁ። ስልኩን ስትሰጠኝ ግን አፌ ይታሰራል። «ደህና ነኝ፣ አንተስ» ካልኩ በኋላ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋኛል፤ አንተም ትጠብቃለህ፣ እኔም እጠብቃለሁ፣ ካርዱ ያልቃል። በወረቀት ግን እችላለሁ። ዛሬ ደግሞ ደስ ከማለቴ የተነሳ እጄ ከሐሳቤ እኩል አልሮጥ ብሎኛልና ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር በለኝ።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ። ነገ ጠዋት ብዙ ሆነን በሳይክል ከነቀምቴ እንነሳለን። ምሳ አርጆ ነው። ከምሳ በኋላ ያንን አንተ «ፍሬን የሚፈተንበት» የምትለውን ቁልቁለት ወርደን ደዴሳ ድልድይ አጠገብ ድንኳን ተክለን እናድራለን፤ እሑድ ደግሞ በወዲያኛው ዳገት ወጥተን በደሌ እንገባለን። አባዬ፣ ፊት እየሄድሽ ምሪ ተብያለሁ። እኔ! እስካሁን እሺም እምቢም አላልኩም። መልሴን ዛሬ ማታ ይጠብቃሉ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህም እየጻፍኩ ልወስን ብዬ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደመጣ ላስረዳህ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ ጋሽ አበጋዝ ዘንድ እንደምሠራ እማዬ ነግራሃለች፤ ከስታዲየሙ በታች ሳይክል የሚያከራዩትና የሚጠግኑት ሰውዬ ናቸው። መጀመሪያ ጎማ ብቻ ነበር የምለጥፈው፤ አሁን ፍሬንም ማርሽም አስተካክላለሁ። ሥራው ይስማማኛል፤ ሳይክል ጥያቄ አይጠይቅም። የጠገንኩትን ደግሞ መሞከር አለብኝ። ጋሽ አበጋዝ «ዞረሽ ነይ» ሲሉኝ ዙሩን ትንሽ ትንሽ እያሰፋሁት መጣሁ፤ በመጀመሪያ ስታዲየሙን፣ ቀጥሎ እስከ መናኸሪያው፣ በኋላ እስከ ጉቴ። አንድ ቀን ከጉቴ ስመለስ መሸብኝና ጋሽ አበጋዝ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ዛሬ የተሞከረው ፍሬኑ ነው ወይስ የኔ ልብ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ውሃ በኮዳ ሞልተው ይሰጡኛል እንጂ አይከለክሉኝም።

መስከረም ሊያልቅ ሲል አንዲት ሴት ጎማዋ ተንፍሶ ሳይክሏን እየገፋች መጣች። ሊሊሴ ትባላለች። ወላጆቿ የነቀምቴ ሰዎች ናቸው፣ እሷ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። ሥራዋ ሰዎችን በሳይክል አገር ማሳየት ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን አታውቅም አይደል? እኔም አላውቅም ነበር። ሳይክሏ ከፊትም ከኋላም ቦርሳ ተሸክሟል፤ ድንኳኗ፣ ማብሰያዋ፣ ልብሷ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ቤቷን አዝላ የምትሄድ ቀንድ አውጣ ትመስላለች፤ ስትነዳ ግን የሚደርስባት የለም።

ጎማዋን ስለጥፍ ከጋሽ አበጋዝ ጋር ስታወራ ሰማሁ። መንገዱ ተዘግቶ በቆየባቸው ዓመታት በሳይክል ወለጋን የዞረ ሰው አልነበረም፤ አሁን መንገዱ ሲከፈት አዲስ መስመር ልታወጣ ትፈልጋለች። ዳገት ይኑረው፣ ደን ይኑረው፣ ሸለቆና ወንዝ ይኑረው አለች። ደንበኞቿ ደግሞ የባሕር ዳርቻ ስለሚወዱ «እሱንስ ከየት ላምጣላቸው» ብላ ሳቀች። ካርታ በስልኳ ይዛለች፤ ካርታው ግን ዳገቱ የት ላይ ጉልበት እንደሚጨርስና ምንጩ የት እንዳለ አይነግራትም። ጋሽ አበጋዝ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቷት። «የአርጆን መንገድ የሚያውቅ ከፈለግሽ ያቺ ጎማ ታቅፋ የተቀመጠችው ናት። ሕብረት ትባላለች፣ የሹፌር ልጅ ናት። ግን አታናግርሽም» አሏት።

እውነትም አላናገርኳትም። ጠመኔ አነሳሁና ወለሉ ላይ ሣልኩላት። ጋቢና ውስጥ አስቀምጠኸኝ የተመላለስንበትን ሁሉ ሣልኩት፤ ምንጩ ያለበትን ጥምዝ፣ ጉሬዛ የሚበዛበትን ደን፣ ውሾቹ የሚያስቸግሩበትን መንደር፣ ከዝናብ በኋላ ጭቃ ወደ አስፋልቱ የሚወርድበትን ቦታ። ከአርጆ ወዲያ ስደርስ ባዶ ቦታ ተውኩ። ሊሊሴ ጣቷን እዚያ ላይ አድርጋ «ይሄስ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ባሕር» አልኳት። የመጀመሪያ ቃሌ እሱ ነበር።

ታስታውሳለህ፣ ከጅቡቲ ደውለህ እማዬ ባሕር ምን ይመስላል ብላ ስትጠይቅህ፣ «በጠዋት አርጆ ላይ ቆመሽ ወደ ደዴሳ ስታዪ፣ ጭጋጉ ሸለቆውን ሞልቶ ዳር ዳሩን ዛፎቹ ብቅ ያሉበት፣ እሱ ነው ባሕር» አልካት። ለሊሊሴ ይህን ስነግራት አልሳቀችብኝም። «በይ አሳዪኝ» አለች።

ባለፈው ማክሰኞ መንገዱን ለመሞከር ሦስት ሆነን ወጣን፤ ሊሊሴ፣ እኔና ኤባ። ኤባን ታውቀዋለህ፤ ያ በልጅነቱ መኪናህ ላይ እየተንጠለጠለ ስታባርረው የነበረው የሰፈራችን ልጅ ነው። አሁን ቁመቱ እንደ ባሕር ዛፍ ተመዟል። እግሩ ፈጣን ነው፣ ምላሱ ደግሞ ከእግሩ ይቀድማል። የታሰበው እሱ ፊት ሆኖ እንዲመራና በየመንደሩ እንዲያወራ ነበር። እኔ መንገዱን ካሳየሁ በቂ ነው ተባለ፤ ተመስገን ብዬ ተቀበልኩ።

እማዬ ጃኬቴን አላመነችውም። የአርጆን ብርድ አውቀዋለሁ ብላ የራሷን ነጠላ አምጥታ ጠቀለለችብኝ። ጫፉ የሳይክሉ ካቴና ውስጥ ይገባል ብዬ ስለፈራሁ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጬ አንገቴ ላይ አሰርኩት። ይህን ልብ በልልኝ፤ ጣጣ ያመጣው እሱ ነው።

አባዬ፣ ከከተማ ስንወጣ የተሰማኝን እንዴት ልንገርህ! ከአንተ ጋር ስንሄድ መንገዱን በመስኮት ነበር የማየው፤ ለካ መንገድ ሽታ አለው። የታጨደ ጤፍ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ከብት ያደረበት በረት፣ ደኑ ውስጥ ስንገባ ደግሞ ፀሐይ ያልነካው እርጥብ አፈር። ዳገቱ ላይ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። አሁንስ ወርጄ ልግፋ እላለሁ፤ እግሬ አንድ ዙር ይጨምራል፣ ሌላም ይጨምራል፣ ከዚያ ድንገት ዳገቱ ያልቅና አገሩ ሁሉ ከእግሬ በታች ይሆናል። ቁልቁለቱ ላይ ጮህኩ። ነፋሱ ድምፄን ይዞት ስለሄደ አላፈርኩም።

ልጆች በየመንደሩ ይከተሉናል። ኤባ ጥቁር መነጽርና ሄልሜት አድርጎ ሲያዩት «ፈረንጂ፣ ፈረንጂ» ይሉታል። እሱ በኦሮምኛ የማን ልጆች እንደሆኑ ሲጠይቃቸው ቅር ይላቸዋል። አንዱማ አዘነለት መሰለኝ፣ «ታዲያ ለምን በመኪና አትሄድም?» አለው።

ማክሰኞ ማታ አርጆ አደርን። ረቡዕ በጠዋት አፋፉ ላይ ቆምን። ጭጋጉ ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል፤ ነጭ ነው፣ ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል፣ ወዲያ ማዶ የበደሌ ተራሮች እንደ ሌላ አገር ዳርቻ ይታያሉ። ሊሊሴ ፎቶ ልታነሳ ስልኳን አውጥታ ሳታነሳ በእጇ ይዛው ቀረች። «ለደንበኞቼ ባሕር አገኘሁላቸው» አለች በመጨረሻ። እኔ ምን እንዳሰብኩ ታውቃለህ? አንተ ይህን ጭጋግ እንዴት አድርገህ እንዳየኸው ነው ያሰብኩት። እኔ እንኳ ያን ያህል ጊዜ አብሬህ አልፌ እንዲህ አላየሁትም ነበር።

አሁን ወደ ጉዱ መጣሁ።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ሊሊሴና ኤባ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ሄዱ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ከጥቂት ጥምዝ በኋላ መንገዱ ዳር ትልቁ የኦዳ ዛፍ አለ። ጥላው ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይነጋገሩ ነበር፤ ራቅ ብለው ሴቶች ቆመዋል። ሁለቱ ጓደኞቼ ሰላም ሳይሉ ሽው ብለው አለፉ። እኔ ግን አንተ እዚያ ስትደርስ ምን እንደምታደርግ ትዝ አለኝ፤ ሙዚቃውን ታጠፋለህ፣ መኪናውን ታቀዘቅዛለህ፣ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ ጎንበስ ትላለህ። እጄ ሳላዝዘው ፍሬኑን ያዘ። ወረድኩ።

መውረዱስ ጥሩ ነበር። ከወረድኩ በኋላ የምለውን ነው ያላሰብኩት። ሁሉም ወሬያቸውን አቁመው አዩኝ። «አከም ቡልተን» ማለት ብቻ ነው፣ እንዴት አደራችሁ ማለት፤ ነቀምቴ ውስጥ አፉን የፈታ ሕፃን ሁሉ የሚለው ነው። እኔ አቃተኝ። ሳይክሌን ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ጭጭ ብዬ ቆምኩ።

እዚያ አገር ከበቅሎው ወርዶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቃል ሳይተነፍስ የሚቆም ሰው መርዶ ይዞ የመጣ ነው። ጥለቱ ወደ ላይ የተደረገ ነጠላ ደግሞ ምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፤ የሐዘን ነው። እኔ ሁለቱንም ሆኜ ቆሜላቸዋለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አወለቁ። ሌሎቹ ተከትለው ተነሱ። ከሴቶቹ መካከል አዮ ደራርቱ የሚሏቸው ባልቴት ወደ እኔ መጥተው «ጂሬኛ ነው? ጂሬኛዬ ነው?» አሉኝ። ጂሬኛ ልጃቸው ነው፤ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያየሁት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ወደ መሬት ሲሄዱ ነው። ሴቶቹ ደግፈው ያዟቸውና አብረው ማልቀስ ጀመሩ። አንድ ጎልማሳ ሰው ለማዶ መንደር ሊጣራ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ነበር።

ያኔ ነው ድምፄ የወጣው። «ነምኒ ዱኤ ሂን ጅሩ!» ብዬ ጮህኩ፤ የሞተ ሰው የለም። በአማርኛም ደገምኩት። ከዚያ ሁለቱንም ቀላቅዬ ቀጠልኩ፤ ማንም አልሞተም፣ ጂሬኛን አላውቀውም፣ ከነቀምቴ ነው የመጣሁት፣ የወረድኩት ሰላም ልላችሁ ብዬ ነው፣ ነጠላውን የገለበጥኩት ካቴናው እንዳይበላው ነው፣ ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። በዕድሜዬ ያላወራሁትን በአንድ ትንፋሽ አወራሁት። 

ቆባቸውን ያወለቁት ሽማግሌ ኦቦ ጨመዳ ይባላሉ። ቆባቸውን መልሰው አደረጉና «እንግዲያው ሰላም በይና» አሉኝ።

«አከም ቡልተን» አልኩ።

አባዬ፣ እንዴት እንደሳቁ! አንዱ ሽማግሌ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። አዮ ደራርቱ እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁና ጀርባዬን በመዳፋቸው መቱኝ፤ ቀጥለው በዚያው እጃቸው አቀፉኝ። ሳይክሌን ከእጄ ተቀብለው ግንዱ ላይ አስደገፉልኝ። የአንጮቴ ሥር ቀቅለው ነበርና አምጥተው ብዪ አሉኝ። አጥንት ይጠግናል፣ የወደቀ ሰው ይበላዋል ይላሉ። እኔ አልወደቅኩም ስላቸው «ልብሽ ወድቋል፣ እኛም አይተናል» አሉኝ። ቅቤ ሊያደርጉበት ሲሉ የነቢያት ጾም ላይ መሆኔን ተናገርኩ። አዮ ደራርቱ ጴንጤ ናቸው፤ ግን ምንም ሳይሉ ቅቤ ያልነካውን ለብቻ አወጡልኝ። ሳልጠየቅ ስለ ጾሜ ስናገር ራሴን ሰማሁትና ገረመኝ።

ሊሊሴና ኤባ ገደል ገብታለች ብለው ሳይክላቸውን እየገፉ ያን ሁሉ ዳገት ተመልሰው መጡ። ኤባ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ ሲደርስ እኔ ሽማግሌዎች መሐል ተቀምጬ አንጮቴ እበላለሁ። ምን ሊለኝ እንደነበረ አላውቅም፤ ኦቦ ጨመዳ ቀደሙት።

«አንተ የማን ልጅ ነህ? እሳት ይዘህ ነው የምትሮጠው?» አሉት። «ሰው ተቀምጦ እያለ እንደ አሞራ ይታለፋል? ቅዳሜ ቅዳሜ በዚህ የሚያልፍ ሹፌር አለ። ያን የሚያህል መኪና ይዞ ሙዚቃውን አጥፍቶ፣ ሰላም ብሎን ነው የሚሄደው። አንተ ሁለት ጎማ ይዘህ ትኮራብናለህ?»

ኤባ መነጽሩን አወለቀና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። እኔ ደግሞ የያዝኩትን አንጮቴ መልሼ አስቀመጥኩ።

ኦቦ ጨመዳ ወደ እኔ ዞሩና «ኢንተላ ኤኙቲ?» አሉኝ፤ የማን ልጅ ነሽ ማለታቸው ነው።

«የቂርቆስ» አልኩ። «የሹፌሩ የቂርቆስ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እሱን እኮ ነው የምላችሁ» አሉ ኦቦ ጨመዳ።

ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ ነገሩኝ። ከበደሌ ጨውና ለስላሳ ጭነህ ለአርጆ ሱቆች ታደርሳለህ፤ እህል ጭነህ ትመለሳለህ፤ ከአርጆ አታልፍም። መስታወትህ ላይ ሰማያዊ የልጅ ሪቫን ታስሯል። ልጅ አለኝ ትላቸዋለህ፤ ቃል የማታባክን ልጅ። «እኛማ ስንት ቃል እንዳላት ዛሬ አየን» ብለው እንደገና ሳቁ። ነቀምቴ ቅርብ አይደለም እንዴ ሲሉህ ግን ሞተሩን ታስነሳለህ አሉኝ።

ጅቡቲ ነው ያለው ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። ሪቫኑን እኔ ነኝ ያሰርኩት፤ ሰባተኛ ክፍል እያለሁ።

ስንሰናበት አዮ ደራርቱ እጄን ይዘው እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። «ልጄ፣ ከእንግዲህ ወዲያ አፍሽን ከፍተሽ ውረጂ» አሉኝ።  

እስከ ደዴሳ ያለውን አልተርክልህም፤ ታውቀዋለህ። ግን ወደ ታች በወረድን ቁጥር ብርዱ ሲቀር፣ ሙቀቱ እንደ እስትንፋስ ፊቴ ላይ ሲመጣ፣ ደኑ ከግራና ከቀኝ ሲዘጋብን፣ ጎማው እጄ ላይ ሲዘምር ምነው አብረኸኝ በነበርክ አልኩ። ድልድዩ ላይ ቆመን ጉማሬ አየን። ኤባ ግንድ ነው አለ፣ ግንዱ አዛጋ።

ወደ ነቀምቴ ስንመለስ ሊሊሴ ሐሳቧን ቀይራ ነበር። ኤባ ኋላ ይሆናል፣ ከደንበኞቿ የደከመውን ያበረታል፤ ሕብረት ፊት ትሆናለች አለች። በዚህ መንገድ የት መውረድ እንዳለበት የማያውቅ ሰው ፊት ሊሄድ አይገባም ብላ ነው። ነገ ኦዳው ሥር ሁላችንም ወርደን ሰላም እንላለን፤ ቀድሞ የሚናገረው መሪው ነው። ኤባ ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። «ዝም ብለሽ ሦስት ሴት አስለቀስሽ፤ ካወራሽማ አገሩን ባዶ ታደርጊዋለሽ» አለኝና ሳቀ። ጎማ መንፊያውን ግን አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ፤ መሪው ነው የሚይዘው አለ።

ለእማዬ ፊት ምሪ መባሌን ነገርኳት። ሌላውን አልነገርኳትም። በመጀመሪያ የቅመም ወንፊቷን አስቀምጣ አየችኝ። «አንቺ? ሻይ ቤት ገብተሽ ስኳር ጨምሩልኝ ማለት እየፈራሽ መራራውን ጠጥተሽ የምትመጪው?» አለችኝ። ቀጥላ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳልሳለም ልቀር እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ በደሌም ቤተ ክርስቲያን አለ አልኳት። ዛሬ ጠዋት ስነሳ ነጠላዋን አሳጥራ፣ ጫፉን አጥፋ ሰፍታልኝ አገኘሁ፤ ካቴናው እንዳይደርስበት። ክሩን እየቆረጠች፣ ቀና ሳትል፣ «አባትሽ ያንን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ ነበር የሚወርደው፤ ቸኩሎ አያውቅም» አለችኝ።

አንተን በወሬ ካነሳች ቆይታ ነበር አባዬ። መንገዱ ተዘግቶ መኪናው ግቢ ውስጥ በቆመበት ጊዜ፣ አንተ ሥራ አጥተህ ስትንጎራደድ፣ እሷ የሚበላ ስትቆጥብ፣ በየማታው ስትጣሉ እኔ መኪናው ሥር እገባ ነበር። መንገዱ ሲከፈት ከከተማው መጀመሪያ የወጣኸው አንተ ነህ። እማዬ በሩን ከፍታ አይታሃለች፤ እስክትሰወር ድረስ። ይህን የነገርኩህ ልወቅስህ ብዬ አይደለም። እሷ እንደማትነግርህ ስለማውቅ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልኝ ዋቅወያ ነው፤ አብሮህ ይነዳ የነበረው። ዛሬ ከሰዓት ወደ በደሌ ይወጣል። ቅድም መናኸሪያው ጋ አግኝቼው ጅቡቲ ላለው አባቴ የምልከው ደብዳቤ አለኝ አልኩት። «ችግር የለም፣ ነገ ከመጫኑ በፊት ይደርሰዋል» አለኝ። ከዚያ ምን እንዳለ ገባውና ከንፈሩን ነከሰ።  አመሰግናለሁ ብቻ አልኩት፤ እሱንም ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ይኸው እዚህ ድረስ ጻፍኩልህ፤ ሳልወስንም አልቀረሁም። እንደማስበው የምፈራው ማውራቱን ብቻ አልነበረም። ነገ ቅዳሜ ነው። እኛ ስንወርድ የሚወጣ መኪና ይኖራል። ኋላ ብሆን ኖሮ በሰው መሐል አንገቴን ደፍቼ ባለፍኩ ነበር፤ መኪናውም ሳያየኝ ባለፈ ነበር፤ ሁላችንም በሰላም ወደየቤታችን። ፊት ያለ ሰው ግን መደበቂያ የለውም።

ጎማዎቼን ነፍቻለሁ፣ ፍሬኔን አጥብቄአለሁ፣ ካቴናውን ዘይት ቀብቻለሁ። ደስታው እንቅልፍ የሚሰጠኝ አይመስለኝም። አንተም የመኪናህን ፍሬን ሳታይ እንዳትነሳ። እመ ብርሃን በየጥምዙ ትቅደምልህ፤ ጭነትህን የሚያቀል፣ ዳገትህን የሚያሳጥር አምላክ አብሮህ ይሳፈር። እማዬ ሰላም ብላሃለች ልልህ ነበር፤ አላለችም፣ ግን ነጠላውን ስትሰፋ ብታያት ሰላም ያለችህ ይመስልህ ነበር።

ይህን አጥፌ ለዋቅወያ እንደሰጠሁ ሊሊሴ ዘንድ ሄጄ እሺ እላታለሁ። ነገ ከሰዓት በኋላ ከአርጆ በታች ቢጫ ሄልሜት ያደረገችው፣ ከሁሉም ፊት የምትወርደው እኔ ነኝ። ኦዳው ጋ ስደርስ እወርዳለሁ፤ «አከም ኦልተን»፣ እንዴት ዋላችሁ፣ እላለሁ፣ ማንም ሳይደነግጥ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ከዚያ በታች ደግሞ ሪቫን የታሰረበት መኪና ሽቅብ ሲመጣ ካየሁ እጄን አነሳለሁ፣ ከኋላዬ ያሉትን ሁሉ አቆማለሁ፣ መንገዱ ዳር ወርጄ ስምህን እጠራለሁ። ቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ።

ልጅህ
ሕብረት ቂርቆስ